የሰማዩ መንገድ ርቀትና የመንገደኛው ሰዓት

ከመኝታ ቤታችን የአርሲ ልጆች አራት ነን። አርሲ ውስጥ ያደገ ሰው ርቀትን በእግሩ የሚያውቅ ስለ ሆነ፣ «ከዚህ እስከዚያ ምን ያህል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ይመልሳል። እኛም ዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ ይህን የአባቶቻችንን ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት መቍጠር ጀምረን ነበር። ባለፈው ዓመት የደረሰብን ነገር ግን አሳባችንን አስለወጠን። ይህንንም ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነን እርሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራታችን የአንዱ አባት ለዘመድ ልቅሶ ከአሰላ ወደ ሮቤ ሄደው ሳለ በድንገት ታመሙ የሚል መልእክት መጣ። ልጁ በአውቶቡስ ልሂድ ቢል እኛ ተቃወምነው። ካርታ ዘርግተን፣ ርቀቱን ለክተን፣ በአይሮፕላኑ ፍጥነት አካፍለን «ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም!» አልነው። ገንዘብ አዋጥተንም የማግስቱን ቲኬት በስልክ ቈረጥንለት። ቲኬቱ ላይ 08:00 ይላል። «ከምሳ በኋላ ነው፤ ተረጋግተህ ትሄዳለህ» አልነው። ወንድማችን ከቀኑ በ5 ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ቀድሜ ደረስሁ ብሎ ደስ እያለው ቦሌ ሲደርስ አይሮፕላኑ ከሄደ ሦስት ሰዓት አልፎታል። 08:00 ማለት በእኛ አቈጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነውና።

በማግስቱ በረራ አልነበረም። ስለዚህ ሌሊት ተነሥቶ አውቶቡስ ያዘ። በዚያች ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ስልኩ ሳይሞላ አድሯል። እርሱ ከወጣ በኋላ ነው አባቱ በፊተኛው ቀን በመኪና ተጭነው አሰላ ሆስፒታል እንደ ገቡ የሰማነው። ብንደውል ብንደውል ስልኩ ዝግ ነው። አውቶቡሱ አሰላ ላይ ለቁርስ ቆመ፤ ልጁም አባቱ ከተኙበት ጥቂት ራቅ ብሎ ሻይ ጠጥቶ ወደ ሮቤ አለፈ። ወደ ማታ ሮቤ ደርሶ ነገሩን ሲሰማ አደረና በሦስተኛው ቀን ወደ አሰላ ተመለሰ። አባቱ እግዚአብሔር ይመስገን ድነዋል። እኛ ግን ያንን ሂሳባችንን እንደ ገና ቍጭ ብለን መረመርነው። ማካፈሉ ላይ ስሕተት አላገኘንም። ስሕተቱ የተጠየቀው ሌላ፣ እኛ ያሰላነው ሌላ መሆኑ ነው። ያገኘነውንም ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እንደሚከተለው እናካፍላለን።

የርቀቱ አለካክ

በሁለት አይሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት ለማወቅ ከካርታና ከእርሳስ በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ምድር በኬክሮስና በኬንትሮስ መስመሮች ተከፋፍላለች። አንዱ የኬክሮስ ዲግሪ 60 ደቂቃ ሲሆን፣ አንዷ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1.852 ኪሎ ሜትር ናት። አብራሪዎችና መርከበኞች በባሕር ማይል የሚቈጥሩት ስለዚህ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ግን ወደ ዋልታዎቹ በሄዱ ቍጥር ስለሚቀራረቡ ደቂቃቸው እያጠረ ይሄዳል። ደግነቱ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። በአርሲ ኬክሮስ የኬንትሮስ ደቂቃ ከባሕር ማይል የሚያንሰው በመቶ አንድ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ለእኛ ሂሳብ እኩል ናቸው ብንል አንጐዳም።

እንግዲህ እንሞክረው። ቦሌ በ8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ሰሜን፣ በ38 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ ምሥራቅ ገደማ ይገኛል። የሮቤ አይሮፕላን ማረፊያ በ7 ዲግሪ ከ7 ደቂቃ ሰሜን፣ በ40 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ምሥራቅ ገደማ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ልዩነት 112 ደቂቃ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያለው 75 ደቂቃ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ የቀጥታ ማዕዘን ሁለት ጎኖች ናቸው፤ የምንፈልገው ሦስተኛውን ጎን ነው። ከዚህ በኋላ ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው የፒታጎራስ ሕግ ይሠራል። 112 በራሱ ሲባዛ 12,544፤ 75 በራሱ ሲባዛ 5,625፤ ድምሩ 18,169፤ የዚህ ሥር 135 ገደማ ነው። 135 የባሕር ማይል በ1.852 ሲባዛ 250 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ምድር ክብ መሆኗ በእንደዚህ ያለ አጭር ርቀት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

አሰላ በ7 ዲግሪ ከ57 ደቂቃ ሰሜን፣ በ39 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ምሥራቅ ገደማ ናት። በዚሁ ዘዴ ከቦሌ እስከ አሰላ 120፣ ከአሰላ እስከ ሮቤ 138 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ቀጥተኛው መስመር ከአሰላ በስተ ምሥራቅ ከጭላሎም ወዲያ በባዳ ተራራ አካባቢ ያልፋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ የሚሄድ መንገደኛ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደ ሆነ፣ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ከታች ወደ ላይ ያየናቸውን ተራሮች ከላይ ወደ ታች ያያቸዋል።

ምድሩ ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አያስኬድም። የአሰላው መንገድ በመጀመሪያ ወደ አዳማ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ እስከ 1,600 ሜትር ገደማ ዝቅ ካለ በኋላ፣ በዴራና በኢተያ በኩል እንደ ገና ሽቅብ ወጥቶ 2,400 ሜትር ላይ አሰላን ያገኛታል። ይህ 175 ኪሎ ሜትር ነው። ከአሰላ በኋላም በሳጉሬ፣ በበቆጂ፣ በአሳሳና በዶዶላ በኩል ተራሮቹን በደቡብ ዞሮ፣ አዳባንና ዲንሾን አልፎ ሮቤ ይደርሳል። ጠቅላላው 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ እንደሚታየው ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ መኪና የሚሄደው መንገድ አይሮፕላን ከሚሄደው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ሲሆን፣ ከአሰላ እስከ ሮቤ ያለው ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ምክንያቱም መካከሉ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆሙት የአርሲ ተራሮች ስላሉ ነው።

ሰዓቱ ለምን ከሂሳቡ ይበልጣል?

አሁን ወደ ስሕተታችን እንመጣለን። ዛሬ በአገር ውስጥ በረራ ላይ የሚታየው ኪው-400 የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ከፍታውን ይዞ ሲገሠግሥ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ይችላል። 250ን ለ600 ብናካፍል 25 ደቂቃ ይመጣል። እኛም ለወንድማችን የሰጠነው ቍጥር ይኸው ነበር። ነገር ግን ይህ ፍጥነት አይሮፕላኑ በመንገዱ መካከል ብቻ የሚያገኘው ነው። በዙሪያው ያለውን ብንቈጥር እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ አይሮፕላኑ በሩን ዘግቶ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ እስከ መንደርደሪያው ጫፍ በመሬት ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ከፊቱ ሌሎች ካሉም ተራውን ይጠብቃል። ቦሌ ደግሞ የብዙ አገር አይሮፕላን የሚገናኝበት ስለ ሆነ ተራው አጭር አይደለም።

ሁለተኛ፣ የቦሌ ሁለቱ መንደርደሪያዎች የተዘረጉት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። አይሮፕላን ደግሞ ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ መነሣት አለበት። ስለዚህ የሮቤ መንገደኛ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለመሄድ ሲያስብ አይሮፕላኑ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይነሣና በኋላ ዞሮ መስመሩን ይይዛል። በማረፊያውም በኩል እንዲሁ ከመንደርደሪያው አቅጣጫ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ይዞራል። እነዚህ ዙሪቶች በፒታጎራስ ሂሳብ ውስጥ የሉም።

ሦስተኛ፣ አይሮፕላኑ ሲወጣም ሲወርድም ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው። በረጅም ጉዞ፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ እስከ ለንደን ቢሆን፣ መውጣትና መውረዱ ከጠቅላላው ጥቂቱ ክፍል ነው። በ250 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ ግን ገና ወጥቶ ሳይደላደል መውረጃው ይደርሳል።

አራተኛ፣ ከፍታው አለ። ቦሌም ሮቤም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፉን የሚያነሣው በደካማው፣ ሞተሩንም የሚያግዘው በጥቂቱ ስለ ሆነ፣ አይሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያና የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአርሲና የባሌ ሰው አየሩ መሳሳቱን በሳንባው ያውቀዋል፤ አይሮፕላን ደግሞ በክንፉ ያውቀዋል ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው 25 ደቂቃው ወደ 45 ደቂቃ ይጠጋል። አየር መንገድ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ጊዜ ደግሞ ከበር መዝጋት እስከ በር መክፈት ያለውን ስለ ሆነ፣ ጥቂት መጠባበቂያ ተጨምሮበት አንድ ሰዓት ያህል ተብሎ ቢታይ ሊያስደንቅ አይገባም።

የሩጫ ሰዓትና የመንገደኛ ሰዓት

ይህን ነገር ለአርሲ ልጅ በቀላሉ ለማስረዳት ሩጫ ይበቃል። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ሪኮርድ ሰበረ። ይህ በሰዓት 22.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ያ ሰዓት የሚቈጠረው ሽጉጡ ከተተኰሰ በኋላ ነው። ሰውነቱን ያፍታታበት፣ ከማረፊያው ወደ ሜዳው የመጣበት፣ በመስመሩ ላይ ቆሞ የጠበቀበት አልተጻፈም። ለሪኮርድ መዝገብ መጻፍም አይገባውም። የሩጫው ሰዓት የሩጫው ሰዓት ነውና።

የበረራም ሰዓት እንዲሁ የበረራ ሰዓት ነው። የመንገደኛው ሰዓት ግን ከአልጋው ከተነሣበት ጀምሮ የሚፈልገውን ሰው እጅ እስኪጨብጥ ድረስ ነው። ይህን ብንቈጥር ከመኝታ ቤታችን እስከ ቦሌ በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት አንድ ሰዓት እንያዝ። ከበረራው በፊት ለፍተሻና ለምዝገባ ሁለት ሰዓት እንጨምር። ለበረራው አንድ ሰዓት፣ ሮቤ ወርዶ ዕቃ ተቀብሎ ከተማ ለመግባት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይሁን። ጠቅላላው አምስት ሰዓት ያህል ሆነ። አውቶቡሱ ደግሞ 430 ኪሎ ሜትሩን ከንጋት ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ ሲሄድበት ይውላል። ስለዚህ አይሮፕላኑ በእርግጥ ይቀድማል፤ የሚቀድመው ግን እኛ እንዳልነው በሃያ እጥፍ ሳይሆን በእጥፍ ያህል ነው። ያውም በዚያው ቀን በረራ ካለ ነው። በረራው ከነገ ወዲያ ከሆነ አውቶቡሱ አሸነፈ።

ከዚህ አንድ ሌላ ነገር ይከተላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ የነበሩት አይሮፕላኖች የዲሲ-3 ዐይነት ናቸው። የእነርሱ ፍጥነት በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዲሲ-3 ከቦሌ እስከ ሮቤ ያለውን 250 ኪሎ ሜትር በ56 ደቂቃ ገደማ ሊጨርስ ሲችል፣ የዛሬው በ25 ደቂቃ ይጨርሳል። ፍጥነቱ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ለመንገደኛው ያተረፈለት ከአምስት ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በአጭር ጉዞ ላይ መንገደኛውን የሚያዘገየው የአይሮፕላኑ ቀርፋፋነት ሳይሆን በመሬት ላይ የሚቀረው ነገር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

አሰላ አይሮፕላን ያስፈልጋት ነበርን?

አንዳንድ የአገራችን ልጆች «አይሮፕላን በራሳችን ላይ እያለፈ ለአሰላ መደበኛ በረራ የሌላት ለምንድር ነው?» ብለው ያዝናሉ። እኛም ከእነርሱ መካከል ነበርን። እስቲ እናስላው። ከቦሌ እስከ አሰላ ያለው 120 ኪሎ ሜትር በ600 ፍጥነት 12 ደቂቃ ነው። መውጣቱ፣ መዞሩ፣ መውረዱ ሲጨመር ግማሽ ሰዓት ይሆናል። በመሬት ላይ ያለው ግን እንደ ሮቤው ያው አራት ሰዓት ያህል ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህሉን ካቃለለ ወዲህ ግን ደኅና መኪና ያገኘ ሰው በሦስት ሰዓት ገደማ አሰላ ይገባል። ስለዚህ አሰላን የሚጠቅማት ጥሩ መንገድና ታማኝ መኪና እንጂ አይሮፕላን አይደለም። የሮቤ ነገር የተለየ ነው፤ ተራሮቹ መንገዱን እጥፍ አድርገውበታልና።

ይህንኑ ሚዛን ወደ ሰሜን ወስደን ብናየው ደግሞ የበለጠ ይገለጻል። ከጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላ አይሮፕላን ማረፊያ በሰማይ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በምድር ግን በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ሲዞር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከላሊበላ እስከ አክሱም በሰማይ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በምድር የሚሄድ ሰው የላስታንና የትግራይን ተራሮች በሙሉ መቍጠር አለበት። በእንደዚህ ያለው ስፍራ አይሮፕላን የቅንጦት ነገር አይደለም።

ሆኖም እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቀጥተኛ በረራ በሌለበት ቀን ከጎንደር ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው በአዲስ አበባ በኩል መዞር ይኖርበታል። ከጎንደር ቦሌ 420፣ ከቦሌ ላሊበላ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድምሩ 750። ለ180 ኪሎ ሜትር 750 ኪሎ ሜትር በረረ፣ መካከሉም ላይ ቦሌ ቍጭ ብሎ ጠበቀ ማለት ነው። ላሊበላ ሲወርድም አይሮፕላን ማረፊያው ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ገና መኪና ይሳፈራል። የሁለት ማረፊያዎች ርቀት በካርታ ላይ ማጠሩ ብቻውን ለመንገደኛ ምንም እንደማይነግረው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

ለመንገደኛ የሚሆን ምክር

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ሁሉ ጠቅለል አድርገን፣ ወደ አገሩ በችኰላ ለሚሄድ ተማሪ አራት ነገር እንመክራለን።

አንደኛ፣ ኪሎ ሜትሩን ከማስላቱ በፊት በረራው በየትኛው ቀን እንዳለና ቀጥተኛ መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ቲኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቈጠር ነው። የእኛ ሰዓት ከንጋት ስለሚጀምር ሁልጊዜ ስድስት ይቀንስበት። 08:00 ከጠዋቱ 2 ሰዓት፤ 13:00 ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ይህን በእጁ መዳፍ ላይ ቢጽፈው እንኳ አያሳፍርም። እኛ ባለመጻፋችን ያገኘነውን አይተናል።

ሦስተኛ፣ በበረራው ሰዓት ላይ በመሬት የሚቀረውን አራት ሰዓት ይደምር፤ ከአውቶቡሱም ጋር የሚያወዳድረው ከዚህ በኋላ ይሁን።

አራተኛውና ዋናው፣ ሊደርስበት የሚፈልገው ሰው አሁን የት እንዳለ ከመነሣቱ በፊትም በመንገድም ላይ ደጋግሞ ይጠይቅ። እኛ ቦሌና ሮቤ የሚባሉ ሁለት ነጥቦችን በትክክል ለካን። ሁለተኛው ነጥብ ግን በዚያው ቀን በመኪና ተጭኖ በዶዶላና በበቆጂ በኩል ወደ አሰላ እየመጣ ነበር። ወንድማችን በጠዋቱ አይሮፕላን ደርሶ ቢሆን ኖሮ አባቱን ደግፎ አብሮ በተመለሰ ነበር። ነገሩን በሰዓት ብናስበው ኖሮ ሰዓቱን እንጠይቅ ነበር፤ እኛ ግን በኪሎ ሜትር ብቻ አሰብነው።

«ከዚህ እስከዚያ ምን ያህል ነው?» ሲባሉ «ከጠዋት እስከ ምሳ» ብለው የሚመልሱትን አባቶቻችንን ከእንግዲህ አንስቅባቸውም። እነርሱ የሚመልሱት መንገደኛው የጠየቀውን ነው።

ወንድማችን በሦስተኛው ቀን አሰላ ሆስፒታል ሲገባ አባቱ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር አሉ። ልጃቸውን ስመው ካስቀመጡት በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ በየት በኩል ዞረህ ነው የመጣኸው?» አሉት። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጣቸውም። ይህ ጽሑፍ ሲታተም አንድ ቅጂ ሊልክላቸው አስቧል።